ቦይለሩ ያፈሰሰበት ጥቅምት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ጠዋት።

ዛሬም የመታጠቢያ ቤቱ ወለል እርጥብ ነው። ማርታ ከሻወሩ የተረፈ ነው ትላለች። ባለቤቴ ሁሉንም ነገር በለስላሳ ድምፅ ነው የምትናገረው፤ ለመከራከር አይመችም። ጣቴን ከቦይለሩ ሥር አስገባሁ። ለብ ያለ ውሃ። ቀለሙ ሻይ ይመስላል። ዝገት ነው።

ደብተር፣ ይህን የምጽፍልህ ሌላ ወሬ አጥቼ አይደለም። ጀምሬ የተውኩት ልቦለድ ጠረጴዛው ላይ አፍጥጦ ያየኛል። ግን ቦይለሩ ካልሠራ እናቴ እዚህ አትቆይም። ስለዚህ የዛሬው ትልቅ ጉዳይ እሱ ነው።

እናቴ ከኦቾሎ፣ ከደጋው መንደራችን፣ ከወረደች ሰባት ዓመቷ። ጉልበቷ ነው። ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ ይፍሰስበት አለ። ሲፈስበት በምርኩዝ እስከ በረንዳ ትወጣለች። ካልፈሰሰበት እስከ ቀትር አልጋ ላይ ናት። የመጣች ሰሞን ቦይለር ገዛሁ። ኦቾሎ ላይ ውሃ የሚመጣው በጀሪካን ነው፣ በሰው ጀርባ። እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ ቧንቧ አለ፣ መብራት አለ፣ ቦይለር አለ። ይህን ስነግራት ፊቷን ወደ ተራራው ታዞራለች።

ት/ቤት ረፈደብኝ።


ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ከሰዓት።

ሳሚ መጣ። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ይኖራል፣ ስልኩን ጎረቤት ነው የሰጠኝ። ድሮ የሚሠራልን ሰው ወደ ጂንካ ሄዷል። ሳሚ እያወራ ይሠራል፤ እያወራም ይሰብራል። ቦይለሩን ገና ሳይነካ የሳሙና ማስቀመጫውን ጣለው።

በአርባ ምንጭ ፀሐይ ቦይለር የሚያስገባ ወይ ሆቴል ነው ወይ ሙሽራ ነው አለኝ። "ቲቸር፣ አንተ የትኛው ነህ?" ለእናቴ ነው አልኩት። ደነገጠ። ወደ ቦይለሩ ዞረ።

ከዚያ የቦይለሩን ዕድሜ ጠየቀ። ሰባት ስለው ከንፈሩን መጠጠ። የእኛ ውሃ ኖራ ይጥላል አለ፤ ማንቆርቆሪያችንን ከወጥ ቤት አምጥቶ ውስጡን አሳየኝ። ነጭ ቅርፊት። ስንት ዓመት ሻይ አፍልቼበት ልብ አላልኩትም። ያው ቅርፊት ቦይለሩም ውስጥ አለ። በደንብ የተያዘ ቦይለር አሥር፣ አንዳንዱም አሥራ ሁለት ዓመት ይሄዳል። ያልተያዘ እዚህ አገር ስድስት፣ ሰባት።

መያዝ ማለት ምንድን ነው? በዓመት አንድ ጊዜ ታንኩን አፍስሶ ደለሉን ማጠብ። ውስጥ ያለውን ዘንግ ማየት። እንዲህ ያለ ዘንግ መኖሩን ዛሬ ሰማሁ። ከማግኒዚየም ነው የሚሠራው፤ ሥራው በታንኩ ፈንታ መበላት ነው። ዘንጉ እስካለ ድረስ ዝገቱ ታንኩን አይነካም። ዘንጉ ሲያልቅ ወደ ታንኩ ይዞራል። ዘንግ በቀላሉ ይቀየራል። ታንክ ግን አይጠገንም።

ማርታ በሩ ላይ ቆማ ስታዳምጥ ነበር። ለሳሚ ውሃ ሰጠችውና ወጣች።

ነገ ይከፍተዋል።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8።

ተከፈተ። ዘንግ የለም። ዘንጉ ተጠምጥሞበት የነበረው ሽቦ ብቻ ቀርቷል፤ እንደ ዓሣ አጥንት። ከታንኩ ደለል ወጣ፣ ነጭና ቀይ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ። ሳሚ ባልዲውን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

የታንኩ ታችኛው ክፍል ተበልቷል። ይበየዳል ወይ አልኩት። ይበየዳል፣ ግን የውስጡ ሽፋን በእሳቱ ይቃጠልና በሌላ በኩል ይፈስሳል። ለቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ ነው፣ በየወሩ ይጠራል፤ ለአንተ ግን አይጠቅምህም አለ። አዲስ ግዛ።

ከዚያ መፍቻውን ይዞ ቆመ። ይሄ ብሎን ከዚህ በፊት ተፈትቷል አለኝ። ነጭ የማሸጊያ ቴፍሎን ተጠቅልሎበታል፤ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም። ብዙም አልቆየም። የፈታው ሰው ዘንጉን አይቶታል።

"ያየ ሰው ደግሞ ዝም አይልም፣ ቲቸር። ዝም ካለ ዝም በል ተብሏል።"

እኔ አላስፈታሁም። ታዲያ ማን? ማርታ ገበያ ናት። አእምሮዬ ቀጥታ ዘለቀ ላይ አረፈ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ኦቾሎ ላይ ይሸምናል፣ ያርሳል። ባለፈው ዓመት ከመስቀል በፊት እኔ ሐዋሳ ልጆቻችን ዘንድ ስሄድ እናቴን ሊጠይቅ ወርዶ እዚህ ሰንብቷል። እናታችንን ወደ ቤቷ ልመልሳት ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ቦይለሩ ባይኖር ነገሩ ይቀልለታል። መፍቻ መያዝም አያቅተውም።

ሳሚ ውሃውን ዘጋ፣ ብሬከሩን አወረደ። ቤቱ ውስጥ የሆነ ድምፅ ጠፋ። ለካ ያ ቦይለር ሲያንጎራጉር ነበር የሚውለው።


እሑድ፣ ጥቅምት 9። ጠዋት።

ማርታ ከቤ/ክ በፊት በትልቁ ድስት ውሃ አሞቀች። ከወጥ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት ተመላለሰች። በሩ ተዘጋ። ረጅም ጊዜ ወሰደ። እኔ በረንዳ ላይ ነበርኩ። አባያ ሐይቅ ጭጋግ ለብሷል።

እናቴ በማ. ክንድ ተደግፋ ወጣች። ተቀመጠች። ፀጉሯን እያደረቀች በጋሞኛ አንድ ነገር አለች። ጎሜ አለ።

ደብተር፣ አንተ አማርኛ ብቻ ነህ፤ ጎሜን ልንገርህ። በእኛ ዘንድ ሰው ሥርዓት ሲያፈርስ ወይም በደሉን ሲደብቅ ነገር ይበላሻል። ላም ትታመማለች፣ ዝናብ ይቀራል፣ ልጅ ይከሳል። ያን ጊዜ ማን ምን ደበቀ ተብሎ ይጠየቃል። የደበቀው ይናገራል። ሽማግሌ ይመርቃል። አለቀ። ከዚያ በኋላ ያንን ነገር መልሶ ያነሳ፣ ጎሜው ወደ እሱ ይዞራል።

እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ቄሱ ይህን ነገር ተዪ ብለዋታል። እሺ ትላቸዋለች፣ አትተውም። ማ. ደግሞ ሲቀላ ያደገች ፕሮቴስታንት ናት፤ ጎሜ ሲባል ትጸልያለች። ዛሬ ግን አልጸለየችም።

"እማማ፣ ዝገት ነው" አለቻት።

"ዝገት ነው" አለች እናቴ። "ማን አዛገው?"

እኔ ሳቅሁ። ማ. ፎጣውን ልታሰጣ ወጣች።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11።

ከት/ቤት በኋላ ሲቀላ ወረድኩ። ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። የቦይለሩ ዕድሜ ስንት ነው ስላቸው ሁሉም ዕድሜ ልክ ነው ይላሉ። የማን ዕድሜ? አንዱ ባለሱቅ፣ "ጋሼ፣ ይሄ አንተን ይቀብራል" አለኝ፣ ዕቃውን ማሞገሱ ነው። ዘንጉን አውጥተህ አሳየኝ አልኩት። ምን ዘንግ? አለ። አልገዛሁም።

ሚኒባስ ስጠብቅ ለዘለቀ ደወልኩ። ቦይለሩን ፈተሃል ወይ? ሳቀ። "ጋሼ፣ እኔ የምፈታው ክር ነው።" ቀልዱ አበሳጨኝ። እናታችንን መልስልን አለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

እሱ ነው።

ቤት ገብቼ ለማ. ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። እሱ አይደለም አለች። ለሁሉም ሰው ጥብቅና ትቆማለሽ አልኳት። ውሃውን ዘግታ ትንሽ ቆመች። ከዚያ መልሳ ከፈተችው።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13።

ማ. ዛሬ በጠዋት የመ/ቤት ስብሰባ ነበረባት። ውሃ ያሞቀ የለም። እኔ ላሙቅ ብዬ ድስቱን አነሳሁ። እናቴ ከአልጋዋ ጮኸች። ወንድ ልጅ እናቱን አያጥብም። አስቀምጠው! አስቀመጥኩት። ዳቦና ሻይ አጠገቧ አድርጌ ሄድኩ።

ስመለስ እንደተውኳት ናት። ሽማግሌ ጥራልኝ አለች። ከኦቾሎ አቶ አንጁሎ ይምጡ፣ ዘለቀም ይምጣ።

ለቦይለር ሽማግሌ? ተማሪዎቼ ቢሰሙ የሚሉኝን አሰብኩ። እማ፣ ዕቃ ነው፣ አርጅቶ ነው አልኳት። እኔም አርጅቻለሁ፤ ግን ውስጤ ምን እንዳለ የሚጠይቀኝ አላጣሁም አለችኝ። ካልጠራህ በእግሬ እወጣለሁ። ጉልበቷን አየሁት። ደወልኩ።

ደብተር፣ ለአንተ ልዋሽ አልችልም። የጠራሁት ለእሷ ብዬ ብቻ አይደለም። ዘለቀ በሽማግሌ ፊት ሲናገር ማየት ፈልጌ ነው።


እሑድ፣ ጥቅምት 16። 11 ሰዓት።

ሄዱ።

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አቶ አንጁሎ ከዘለቀ ጋር መጡ። የእናቴ የኦቾሎ ጎረቤት ናቸው፤ እሷን ልጅ ሆና ያውቋታል። ከግቢያችን ለምርቃት የሚሆን እርጥብ ሳር ነቅለው ገቡ። መጀመሪያ ታማሚውን አሳዩኝ አሉ። ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰድኳቸው። ቦይለሩን በከዘራቸው ኳ ኳ አደረጉት። ስንት ዓመቱ ነው? ሰባት። "ለአህያ ቢሆን ገና ጎልማሳ ነው" አሉ። ዘለቀ ከት ብሎ ሳቀ። እናቴም። ድግስ መሰለ።

ሳሎን ተቀመጥን። አንድ በአንድ ጠየቁን።

እናቴ ጀመረች። ሐኪሙ ያዘዘላትን ኪኒን አንዳንዴ ትራስ ሥር ትደብቃለች፤ ይመራታል። "በዚህ ቦይለር አያፈስም" አሉ አቶ አንጁሎ። "ግን ዋጪው።"

ዘለቀ ቀጠለ። አንገቱን ደፋ። ወንድሜ እናታችንን በሙቅ ውሃ ገዝቶ ወሰዳት እያልኩ በየጠላ ቤቱ አወራለሁ አለ። ቀና ብሎ አየኝ። ጠበቅኩ። ሌላ የለኝም አለ።

ቦይለሩስ? አልኩ። አቶ አንጁሎ በከዘራቸው ዝም አሰኙኝ። ተራዬ ደረሰ። ምንም የለኝም አልኩ።

ማ. ቀረች። ልጄ፣ አንቺ የጸሎት ሰው ነሽ፣ ይህ የእኛ ነገር ነው፣ አላስገድድሽም አሏት። ዓይኔ ዘለቀ ላይ ነበር። ድምፅዋን ሰማሁ።

"ይጠይቁኝ" አለች። "ከተጠየቅሁ አልዋሽም።"

ጠየቋት።

ተናገረች። ባለፈው ዓመት ከመስቀል በፊት፣ እኔ ሐዋሳ ሳለሁ፣ ቦይለሩ እንደሚፈላ ድስት ይንዶቆዶቅ ጀመር። የድሮውን ሠራተኛ ጠራች። ፈታው። ዘንጉን አሳያት፤ ሊያልቅ ነው። አሁን ከተቀየረ ታንኩ ገና ዓመታት ይቆያል፣ ካልተቀየረ ግን ቢበዛ አንድ ዓመት ነው አላት። ዝጋው አለችው። ለባሌ እኔ እነግረዋለሁ።

"አልነገርኩትም" አለች። "ማንም አልጠየቀኝም።"

ለምን? አልኩ። እኔን አላየችም። አቶ አንጁሎን ነው ያየችው።

"አልሰበርኩትም፣ አባቴ። ጠበቅኩት።"

ምን ጠበቅሽ ልጄ?

"እስኪያልቅ። ሲያልቅ እማማ ወደ ቤቷ ትሄዳለች ብዬ። እሷም መሄድ ትፈልጋለች፣ ለእኔ ትነግረኛለች። እሱ ግን አይሰማም። እሱ ቦይለር ገዛ። ሰባት ዓመት በየጠዋቱ ያጠብኳት እኔ ነኝ። ወገቤ አለቀ። ስለ ወገቤም የጠየቀኝ የለም።"

ድምፅዋ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር።

እናቴን አየሁ። ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች ብዬ። "ተናገረች" አለች። ይህን ብቻ። ፊቷ ከሰውነቷ እሾህ የተነቀለላት ሰው ፊት ነው።

አቶ አንጁሎ ሳሩን አነሱ። መረቁ። ቤቱ ይለምልም፣ የተናገረው ይረፍ፣ የሰማው ይርሳ። ዘለቀ አሜን አለ። እናቴ አሜን። ማ. ሳትቀር፣ በራሷ መንገድ፣ በኢየሱስ ስም አሜን። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

አሜን አልኩ።

ከዚያ በሉ። የሽፈራው ቅጠል፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ዳጣ። ዘለቀ ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ማ. አቀረበች፣ አነሳች። እናቴ አጉርሳታለች። እኔ ቦይለሩን ለማየት ሄድኩ። ምን የሚታይ አለው።


ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ጠዋት።

አንድ ዓመት ሙሉ። በየጠዋቱ ሻይ አብረን ስንጠጣ። ግድግዳው ውስጥ ሲያጉረመርም፣ ምን ሆኖ ነው? ስላት፣ አርጅቶ ነዋ ትለኝ ነበር። ውሸት አይደለም። ይሄ ነው የሚያበሽቀኝ፤ አንዲት ውሸት ፈልጌ አጣሁ። እኔ ፈገግ ብዬ ወደ ት/ቤት እሄዳለሁ። እሷ ወደ እናቴ ክፍል ትገባለች፣ ሙቁን ውሃ ትከፍታለች፣ ታጥባታለች፣ እያጠበቻትም የዝገቱን ሥራ ታዳምጣለች።

በዓመቱ ውስጥ በዓል አከበርን። ልጆቹ መጥተው ሄዱ። እኔ ታምሜ አስታመመችኝ። ያ ሁሉ ሲሆን ዘንጉ እያለቀ ነበር፣ እሷም ታውቅ ነበር።

ሰው አነባለሁ ብዬ የምኖር ሰው ነኝ። ታሪኮቼ ውስጥ ሰዎች ሲዋሹ ከአነጋገራቸው እንዲያስታውቅባቸው አደርጋለሁ። እንዲህ ያለች ሴት ጽፌ አላውቅም። ብጽፋት አላምናትም ነበር።

ዘለቀን በሐሰት ጠርጥሬዋለሁ። አልደወልኩለትም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 19።

እናቴ ልሂድ አለች። አሁን እሄዳለሁ፣ በሰላም ነው የምሄደው። ማን ያጥብሻል? የዘለቀ ሚስት አለች፣ ጎረቤቶች አሉ። በምን? በድስት። ምን ሆነሃል፣ ዓለም የታጠበው በቦይለር ነው?

አዲስ እገዛለሁ፣ ነገውኑ አልኳት። እጇን አወዛወዘች፤ ዝንብ የምታባርር ትመስላለች።

ማ. የእናቴን ልብስ እያጣጠፈች ነው። በጥንቃቄ፣ አንድ በአንድ። ለመንገድ የሚሆን ቅባት በጠርሙስ ሞላችላት። ክፍሉ ውስጥ አብረው ሲስቁ ሰማሁ። ስገባ አቆሙ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22። ከሰዓት 9 ሰዓት።

አደረስኳት። ኮንትራት መኪና ያዝኩ። ከኋላ አጋደምናት፣ ጉልበቷ ሥር ትራስ። ከዋናው መንገድ ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር መስኮት ክፈቱልኝ አለች። አየሩ ቀዘቀዘ። ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች።

ከዚያ ተናገረችኝ፣ በጋሞኛ፣ ቋንቋውን የማያውቀው ሾፌር እንዳይሰማ።

"ኦቾሎ ልሂድ ባልኩህ ቁጥር ቦይለሩን ታሳየኝ ነበር።"

ለጉልበትሽ ብዬ ነው አልኩ። አውቃለሁ አለች። ጉልበቴ ብቻ ነበር የሚታይህ።

ትንሽ ቆይታ፣ ማርታን በዚያ ነገር እንዳታነሳባት አለች። ተነግሯል፣ አልቋል። አፍህ ላይ ከመጣ ዋጠው። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?

ዘለቀ ከመንገድ ዳር ይጠብቅ ነበር። አዘላት። ሴቶቹ እልል አሉ። አባያ ከታች ተዘርግቷል፣ ከሴቻ ከሚታየው ይሰፋል። ከዘለቀ ጀርባ ላይ ሆና በእጇ እያሳየች ለሴቶቹ የሆነ ነገር ታወራ ነበር፤ ወደ እኔ አልዞረችም።

ስመለስ መኪናው ባዶ ነው። ሚስቴ እናቴ ላይ ዶለተች ብዬ ነበር። ለካ ሁለቱ ሲግባቡ ኖረዋል። ከውጭ የነበርኩት እኔ ነኝ።


ሰኞ፣ ኅዳር 1።

ሳሚ ደወለ። ሲቀላ አንድ ሱቅ ጥሩ ቦይለር ገብቷል፣ ዘንጉ ወፍራም ነው፣ ራሴ አስከፍቼ አየሁት አለ። "ቲቸር፣ ላስይዝልህ?" ላስብበት አልኩ።

ማ. ሰምታለች። ከሻወር ወጥታ ነበር፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ከትናንት ጀምሮ ዝናብ ነው። ይገዛ አለች። ያረጀ ዕቃ ይቀየራል፣ በቃ።

አርባ ምንጭ ሞቃት ነው አልኳት።

እንደማልገዛ ገባት።


ዓርብ፣ ኅዳር 5።

እናቴ በዘለቀ ስልክ ደወለች። ጠዋት ጠዋት ጉልበቷ እንቢ ይላል፤ ግን በረንዳ ላይ ሆና ሰው ስታነጋግር ትውላለች። ሳቋ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ለገና ወርጄ እሰነብታለሁ አለች፣ ቦይለር ገዛህ? ገበያ ላይ ጠፍቷል አልኳት።

ማ. ጎኔ ተቀምጣለች። ስልኩን ዘጋሁ።

"ዋሸሃት" አለች።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እኔ በቀዝቃዛ እታጠባለሁ፣ ልጅ ሆኜም ኩልፎ ወንዝ ወርጄ ነበር የምታጠበው አለች። እማማ ግን ልትመጣ ነው። እንግዳ ሆና ስትመጣ ደስ ብሎኝ አጥባታለሁ። ያቃተኝ ማብቂያ የሌለው ነገር ነው።

መልስ ነበረኝ። ብናገረው ያንን ነገር ማንሳቴ ነው። በጎሜ አላምንም፤ ለተማሪዎቼ ተረት ነው ብዬ አስተምራለሁ። አፌን ግን መክፈት አልቻልኩም። ለእናቴ የገባሁት ቃል ይሁን፣ ፍርሃት ይሁን፣ አላውቅም።

"አትናገርም" አለች ማ.። "ግን ቀኑን ሙሉ ትናገራለህ።"


እሑድ፣ ኅዳር 7።

ማ. ቤ/ክ ናት። ቤቱ ጭር ብሏል።

ግድግዳው ላይ ቦይለሩ የነበረበት ቦታ ነጭ አራት ማዕዘን ቀርቷል። ሳሚ አውርዶ ወስዶታል፣ ለቆርቆሮው። ሁለት ቧንቧዎች ተደፍነው ወጥተዋል።

ምን እየሠራሁ ነው? ዝም ብያለሁ። ብርዱ እንዲሰማት እጠብቃለሁ። ራሷ መጥታ ይቅር በለኝ እንድትለኝ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ቀዝቃዛው ውሃ ያስለቅሳታል ብዬ በሩ ሥር ጆሮዬን ጥያለሁ፤ አዎ፣ ትናንት ጠዋት እንደዚያ አደረግሁ። አላለቀሰችም። መዝሙር ነበር የምትዘምረው።

መጠበቅ ከእሷ እየተማርኩ ነው። እሷ ዓመት ችላለች። እኔ ወር አልሞላኝም፣ ሆዴ ግን ከወዲሁ ዝጓል።

ይቅር አላልኳትም። እዚህ ላይ ብቻ ነው የጻፍኩት፤ ሌላ የሚያውቅ የለም። አሜን ብያለሁና ሁሉም ያለቀ መስሎታል።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል።

ወስኛለሁ።

ለአቶ አንጁሎ በዘለቀ በኩል መልእክት ላክሁ። ቅዳሜ ኦቾሎ እወጣለሁ፣ ሳር ይያዙልኝ። ዘለቀ፣ "ደግሞ ምን ፈሰሰ?" አለ። አፌ አልኩት። አልሳቀም። ቦይለሩን ፈተሃል ብዬ ስለጠረጠርኩህም እናገራለሁ አልኩት። እሺ ጋሼ፣ አለ፣ ና ብቻ።

ማ. ለሥራ እየለበሰች ነበር። ነገርኳት። በእናቴና በሽማግሌው ፊት፣ ያን ቀን አሜን ያልኩት ከልቤ እንዳልነበረ እናገራለሁ። እንደከዳሽኝ ነው የሚሰማኝ፤ ዛሬም ይሰማኛል። እናቴ ብትቆጣም፣ ጎሜው ወደ እኔ ቢዞርም። ከዚያ በኋላ የሚሉትን እሰማለሁ።

የሻርፗን ጫፍ እያስተካከለች ሰማችኝ። ያስቆጣኋት መስሎኝ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

"እኔም ልምጣ?"

ነይ አልኳት።

"እንግዲያው ሁሉንም በል" አለች። "የጠበቅኩትን በል። ያጠብኳትንም በል። አንዱን ትተህ አንዱን እንዳትል።"

ሁለቱንም እላለሁ አልኩ። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ከበር ተመልሳ ጫማዋን አስራ፣ ወገቧን በእጇ ደግፋ ቀና አለች። ከዚህ በፊት እንዲህ ስታደርግ አይቻለሁ። ያመኛል ማለት እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ይህ የሠራችውን አያቀለውም። አየሁት፣ ጻፍኩት።

አሁን ሳሚ ደወለ። ለቦይለሩ ሌላ ገዢ መጥቷል፣ አንድ ፔንሲዮን ነው፣ ዛሬውኑ ካልወሰድክ አልጠብቅልህም፣ ሌላ መቼ እንደሚገባ አይታወቅም፣ ለገና ላይደርስልህ ይችላል አለኝ።

ለፔንሲዮኑ ስጠው አልኩት። መጀመሪያ ቅዳሜ ይለፍ።